«ጋሼ፣ ቢያነሷትስ?»

ደብዳቤው

«ይድረስ ለምክር ዓምድ። የአዳማ ነዋሪ ነኝ። የመኪና መለዋወጫ ሱቅ አለኝ፤ ዕድሜዬ 43 ነው። ጎልፍ ከጀመርኩ ሁለት ዓመት ሆነኝ። ያስጀመረኝ አዲስ አበባ የሚኖር፣ በዕድሜ የሚበልጠኝ ዘመዴ ነው። በሥራ ቀን ሱቅ ከዘጋሁ በኋላ ወደ ወንጂ በሚወስደው መንገድ ባለ ባዶ ሜዳ ኳስ እመታለሁ፤ እሑድ እሑድ ደግሞ አዲስ አበባ ክለብ እሄዳለሁ።

በመስከረም መጨረሻ የአባላት የወዳጅነት ውድድር ነበር። ዘመዴን ጨምሮ 12 ሰው ነበርን። ውድድሩ በነጥብ ነበር፤ ሃንዲካፔ፣ ማለትም በችሎታዬ ልክ ከምቶቼ የሚቀነስልኝ፣ 28 ነው። እስከ ስድስተኛው ጉድጓድ ደህና ተጫወትኩ። ሰባተኛው ፓር 4 ነው፤ ጎበዝ ተጫዋች በአራት ምት ይጨርሰዋል። ሁለተኛው ምቴ ባሕር ዛፍ ሥር ገባ። እዚያው ሥሩ መሃል ሦስት ጊዜ መታሁ፤ አንዷ ግንዱን መታ ወደ እኔው ተመለሰች። ስምንተኛውን ምት መትቼ እንኳ ግሪኑ ላይ፣ ጉድጓዱ ያለበት አጭር ሣር ላይ፣ አልደረስኩም። ከኋላችን ያሉት ቆመው ይጠብቃሉ። ዱላዬን የያዘው ልጅ «ጋሼ፣ ቢያነሷትስ?» አለኝ። ትንሽ ተቆጣሁት። «የተሳሳተ ዱላ ያቀበልከኝ አንተ ነህ» አልኩት። በ11 ምት ጨረስኩ። ከዚያ በኋላ ጨዋታው ጠፋብኝ። በ19 ነጥብ መጨረሻ ወጣሁ። ካርዴን ፈርሜ፣ ምሳ ሳልበላ ወደ አዳማ ተመለስኩ። ለልጁ ሒሳቡን ሰጥቼዋለሁ። እሱ ግን ዱላውን በእርጥብ ጨርቅ ጠርጎ ቦርሳው ውስጥ ከተተልኝ።

ዘመዴ ሁለት ጊዜ ደወለ፤ አላነሳሁም። ባለቤቴ ‘ድሮም ሣር ላይ ብር መበተን ነው’ ትላለች። እኔ አየሩ ይመስለኛል፤ አዲስ አበባ ከፍታ ስለሆነ ኳስ ይረዝማል ይባላል። ልተወው ወይ? ሰዎቹንስ እንዴት ብዬ ነው ዳግም የማያቸው? ዱላዎቹን የምሸጥበት ማስታወቂያ አብሬ ልኬያለሁ፤ ቦታ ካላችሁ አውጡልኝ።

አፍሮ የቀረው፣ ከአዳማ»

ምላሽ

ወንድሜ፣ በዕድሜ ሳልበልጥህ አልቀርምና «አንተ» እያልኩ ልቀጥል፤ ቅር አይበልህ።

ደብዳቤህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። መጀመሪያ ስለ ጎልፍ መሰለኝ። ሁለተኛው ላይ ግን ዓይኔ እርጥቧ ጨርቅ ላይ ቀረ። ወደ እሷ እመለሳለሁ። አስቀድሜ የጠየቅኸውን ልመልስልህ።

«ሰዎቹን እንዴት ብዬ ነው የማያቸው?» ብለሃል። በዓይንህ ነዋ! አንተ ሰባተኛውን ጉድጓድ ሌሊት ሌሊት ስታመላልሰው፣ እነዚያ 11 ሰዎች ደግሞ የየራሳቸውን እያመላለሱ ነው። አንድ አጎት ነበረኝ፣ ከረንቡላ የሚወድ። አምሽቶ ሲመጣ ማን እንዳሸነፈው እንኳ ትዝ አይለውም፤ የሳታትን ኳስ ግን እራት እስኪቀርብ በሹካ ጠረጴዛው ላይ ይሥልልን ነበር። ተጫዋች እንደዚያ ነው። የሌላውን ስህተት የሚያስታውስበት ትርፍ ቦታ የለውም።

ደግሞስ አንተ 11 መታህ። አሜሪካዊው ጆን ዴሊ በ1998 ባለሙያዎች በሚወዳደሩበት ትልቅ ውድድር ላይ፣ ፓር 5 በሆነ አንድ ጉድጓድ 18 መትቷል። ኳሱን ስድስት ጊዜ ሐይቅ ውስጥ ከተተው። ያ ሰውዬ ከዚያ በፊት ሁለት ታላላቅ ሻምፒዮናዎችን ያሸነፈ ነው። የመለዋወጫ ሱቅም የለውም፤ ሥራው ይኸው ነው።

አሁን እርሳስ አምጣና ነጥቡን አብረን እንቁጠር። ቁጥሩን በትክክል ያየኸው አልመሰለኝም።

በነጥብ ጨዋታ፣ የሃንዲካፕ ምቶችህ ከተቀነሱልህ በኋላ ፓር ካመጣህ 2 ነጥብ ታገኛለህ። አንድ ምት ካለፍክ 1 ነጥብ ነው። ሁለትና ከዚያ በላይ ካለፍክ ዜሮ፤ ከዜሮ በታች የሚባል ነገር የለም። በሃንዲካፕህ ልክ የተጫወተ ሰው በ18 ጉድጓድ 36 ነጥብ ይዞ ይገባል። እስከ ስድስተኛው ደህና ነበርኩ ስላልክ፣ 12 ነጥብ አካባቢ ይዘህ ነበር ልበል። ሰባተኛው ላይ ዜሮ። መጨረሻ ላይ 19። እንግዲህ ከስምንተኛው እስከ 18ኛው፣ በ11 ጉድጓድ ያገኘኸው 7 ነጥብ ብቻ ነው ማለት ነው። እዚያ ላይ 22 መጠበቅ ይቻል ነበር።

አየህ? ያ ባሕር ዛፍ የወሰደብህ 2 ነጥብ ነው። ቢበዛ። 15ቱን የወሰደብህ ሌላ ነገር ነው።

ይህ የነጥብ አቆጣጠር ስታብልፎርድ ይባላል፤ ስሙን ያገኘው ከእንግሊዛዊው ሐኪም ፍራንክ ስታብልፎርድ ነው። በ1932 በነፋሻማው ዋላሲ ሜዳ ላይ ያስጀመሩት፣ ሰው በአንድ ሁለት ክፉ ጉድጓድ ተስፋ ቆርጦ ቀኑን ሙሉ እንዳይበላሽበት ብለው ነው። ለአንተ ዓይነቱ ቀን የተሠራ መድኃኒት ነበር። አንተ ግን መድኃኒቱን ይዘህ ታመምክ።

ሃንዲካፕህ 28 ስለሆነ በአንዳንዱ ጉድጓድ አንድ፣ በአብዛኛው ሁለት ምት ይቀነስልሃል። ሰባተኛው ላይ ሁለት ነበረህ እንበል፤ ለአንተ በሚመች መንገድ ልቁጠረው። ፓር 4 ለአንተ 6 ሆነ ማለት ነው። በ6 ብትጨርስ 2 ነጥብ፣ በ7 ብትጨርስ 1 ነጥብ፣ በ8 ምንም። ስለዚህ ሰባተኛው ምት ኳሷን ጉድጓድ ካላስገባ ጉዳዩ እዚያው አልቋል። ስምንተኛው፣ ዘጠነኛው፣ አሥረኛውና አሥራ አንደኛው ምት የትም አልተመዘገቡም። ኳሷን አንስተህ ኪስህ ከትተህ፣ ለኋለኞቹ ሜዳውን ለቀህላቸው ወደ ስምንተኛው መራመድ ነበረብህ። በነጥብ ጨዋታ ይህ ነውር አይደለም። ጨዋነትም እሱ ነው፤ ሰው አታስጠብቅም። ለሃንዲካፕ ሲሰላም ከ2020 ወዲህ በሚሠራበት የዓለም ሥርዓት ያ 11 የሚገባው 8 ሆኖ ነው።

አሁን ያ ልጅ ምን እንዳለህ ደግመህ አንብበው።

«ጋሼ፣ ቢያነሷትስ?»

አንተ «ይተዉት፣ አይችሉም» ያለህ መስሎህ ተቆጣህ። ልጁ ግን ሕጉን ነበር የነገረህ። ለዚያውም አንገት ሳያስደፋ፣ በጥያቄ መልክ፣ «ጋሼ» ብሎ። ይህ ብቻ አይደለም። በጎልፍ ሕግ እንዲህ እያንዳንዱ ለራሱ በሚጫወትበት ውድድር መሃል፣ በየትኛው ዱላ ልምታ፣ እንዴት ልምታ ብለህ ምክር መጠየቅ የሚፈቀድልህ ከካዲህ፣ ማለትም ቦርሳህን ከሚይዝልህ ሰው፣ ብቻ ነው። ዘመድህ አጠገብህ ቆሞ ቢሆን እንኳ አፉን መዝጋት አለበት። ሜዳ ላይ ካለው ሰው ሁሉ ያንተ ወገን ያ ልጅ ብቻ ነበር ማለት ነው። እሱንም በሰው ፊት ሰደብከው።

«ትንሽ ተቆጣሁት» ብለሃል። ትንሿ ስንት እንደሆነች እኔ አላየሁም። ግን እንዲህ ያለ ቀን ትንሽ ቁጣ ብዙ ጊዜ ከሩቅ ይሰማል።

ስለ ዱላውም ላንሳ። ካዲ ዱላ ያቀብላል፤ የሚመርጠውና የሚመታው ተጫዋቹ ነው። ደግሞ ሥሩ መሃል ለገባች ኳስ ትክክለኛ ዱላ የሚባል አልነበረም። እስከ 14 ዱላ መያዝ ይፈቀድልሃል፤ አሥራ አራቱንም ብትሞክር ባሕር ዛፉ አይነቀልም።

ስለ አየሩ ያልከው ውሸት አይደለም። አዳማ ከባሕር ወለል በላይ ከ1,600 ሜትር ትንሽ ከፍ ትላለች፤ አዲስ አበባ ከ2,300 በላይ ናት። አየሩ ሲሳሳ ኳስ ይረዝማል። ግን በሁለቱ ከተሞች መሃል ያለው ልዩነት በአንድ ምት ጥቂት ሜትር ነው። ስድስት ጉድጓድ ደህና ያጫወተህ አየር ሰባተኛው ላይ ድንገት አልተለወጠም። ይህን ሰበብ ለባለቤትህ ንገራት፤ ለልጁ ግን እንዳትነግረው።

ልጅ ሆነን ናዝሬት ላይ ገና ስንጫወት (ያኔ አዳማን ሁላችንም ናዝሬት ነበር የምንለው) ሩር የምንለጋበት በትር ጫፉ የጎበጠ ነበር። ጎልፍን መጀመሪያ በቴሌቪዥን ሳይ «ይሄማ ገና ነው፣ ሩጫውን ያስቀሩት ገና» ብዬ ስቄአለሁ። አባቶቻችን «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» ያሉት ለዋዛ አይደለም። በዚያ ቀን አሽከሩ የጌታውን ቅልጥም ቢመታ፣ ጌታው እያነከሰ ይስቃል እንጂ አይናገርም። ሜዳው ላይ የተቀመጠው ሕግ ታናሹን ከታላቁ ቁጣ የሚጠብቅ ነው። አንተ ዘንድ ነገሩ ተገለበጠ። ጌታ ተቆጣ፤ ልጁ ጨርቁን አረጠበ።

እሺ፣ ወደ ጨርቋ።

ሂሳቡን ከፈልኩት ብለህ አላቆምክም። «እሱ ግን ዱላውን በእርጥብ ጨርቅ ጠርጎ ቦርሳው ውስጥ ከተተልኝ» ብለህ ጨመርክ። ማንም አልጠየቀህም። ለጥያቄህም አይጠቅምም። ሰው የረሳውን ነገር እንዲህ አይጽፍም። እኔ እንደሚመስለኝ ሌሊት የሚቀሰቅስህ 11 የሚለው ቁጥር አይደለም። ያ ልጅ የተሰደበበትን ዱላ አንስቶ፣ ጭቃውን ጠርጎ፣ ቦታው ሲያስገባው ያየኸው ነው። «አፍሬአለሁ» ያልከውም ለዚህ ነው፤ ቦታውን ሳትክ እንጂ ማፈርህስ ልክ ነው።

ሌላም ነገር አስተዋልኩ። በደብዳቤህ ውስጥ የሱቅህን ዓይነት፣ ሃንዲካፕህን፣ ምቶችህን አንድ በአንድ ቆጥረሃል። የዚህን ሰው ስም ግን አንድ ጊዜም አልጻፍከውም። «ልጁ» ነው ያልከው። እኔም አንተን ተከትዬ «ልጁ» እያልኩ ነው፣ ስሙን ስለማላውቀው። ምናልባት 30 ያለፈው፣ የሁለት ልጆች አባት ይሆናል።

ምን ታደርጋለህ? ዛሬ ማታ ለዘመድህ ደውል። በዕድሜ የሚበልጥህ ሰው ሁለት ጊዜ ደውሎ አላነሳህም፤ ሦስተኛው እስኪመጣ አትጠብቅ። ወደዚያ ክለብ በእሱ ስም ነው የገባኸው። «ጋሼ፣ ያን ቀን ሳልሰናበት ሄድኩ፣ ይቅርታ» በለው፤ ይበቃል። የሜዳውን ታሪክ አትተርክለት፤ እዚያ ነበር።

ምሳውን ትተህ መሄድህ ከ19 ነጥቡ የከፋ ነው፤ ይህን ሳልነግርህ አላልፍም። የወዳጅነት ውድድር ማለት እኮ ግማሹ ምሳው ነው። ዋንጫ ላነሳው ይጨበጨባል፣ መጨረሻ በወጣው ይሳቃል። አንተ ስትጠፋ በማን ይሳቁ? ማዕዱ ሳይቀርብ ተነስተህ፣ ባዶ ሆድህን በፈጣን መንገዱ 80 ምናምን ኪሎ ሜትር ነድተህ፣ የአዳማ የነፋስ ተርባይኖች እስኪታዩህ ድረስ ራስህን ስትረግም መጣህ። ያን ሁሉ መንገድ አንድ ሰሐን ጥብስ ያስቀርልህ ነበር።

ለካዲው ግን ስልክ አይሆንም። በዘመድህ በኩል «ይቅርታ ብሏል በለው» ማለትም አይሆንም። በቴሌብር 500 ብር ልኮ መገላገል የሚባለውን ደግሞ እንዳታስበው፤ ስድቡን በሰው ፊት ሰጥተህ ይቅርታውን በስልክ መልእክት አትከፍልም። ራስህ ሂድ። ከተቻለ የዚያን ቀን አብረውህ ከነበሩት አንዱ ባለበት ይሁን። ንግግሩ ረጅም አይሁን፤ ረጅም ይቅርታ መጨረሻው ሰበብ ነው። እንዲህ በለው፦ «ያን ቀን ልክ የነበርከው አንተ ነህ። ሕጉን የማላውቀው እኔ ነበርኩ። ይቅርታ አድርግልኝ።» ከዚያ ስሙን ጠይቀው። ከዚያ ደግሞ «ዛሬ ቦርሳዬን ትይዝልኛለህ?» በለው፤ እምቢ ካለ መብቱ ነው፣ ፊትህን አታጥቁርበት። እሺ ካለ፣ ስትጨርሱ ጉርሻውን እንደ ሰው ሁሉ ስጠው፣ ያን ቀን ያስቀረኸውንም ጨምርበት። «ሒሳቡን ሰጥቼዋለሁ» የሚለው አባባልህ ጉርሻው እንዳልነበረ ነግሮኛል። የሱቅ ሰው ስለሆንክ ነገሩ ይገባሃል፤ ቦርሳ የሚሸከም ሰው ስሙ ነው ካፒታሉ። «የተሳሳተ ዱላ ያቀብላል» ተብሎ ከተወራበት የሚቀጥለው እሑድ ሌላ ሰው ይመረጣል። ስለዚህ አብረውህ ለነበሩትም «ጥፋቱ የኔ ነበር» ማለትህ ለእሱ ወሬ አይደለም፤ እንጀራ ነው።

ሽማግሌ መላክ አያስፈልግም። አንዳንድ አንባቢዬ ይህን ሊጠይቀኝ ይችላል። ሽማግሌ የሚላከው ሰው ለመታየት ሲፈራ ነው። አንተ መኪና አለህ፣ መንገዱም ክፍት ነው።

ስለ ጎልፉ አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። እኔ ዱላ ጨብጬ የማውቀው አራት አምስት ጊዜ ነው፤ አብዛኛውን የነቀልኩት ሣር ነበር። ግን ሕጉን አንብቤዋለሁ። ኳስህ ሥር መሃል ስትገባ «ይህቺ አትመታም» ብለህ የመወሰን መብት ያለህ አንተው ነህ፣ ማንንም አታስፈቅድም። አንድ የቅጣት ምት ትወስዳለህ፤ ከዚያ ወደ ጉድጓዱ ሳትጠጋ በሁለት ዱላ ርዝመት ውስጥ ኳሷን ትጥላለህ። እንደዚያ ብታደርግ አራተኛውን ምት ከንጹሕ ሣር ትመታ ነበር። በ6 ወይም በ7 መጨረስ ይቻልህ ነበር።

በ1999 ስኮትላንድ ውስጥ ካርኑስቲ ላይ ፈረንሳዊው ዣን ቫን ደ ቬልድ የዓለምን አንጋፋ ውድድር ሊያሸንፍ አንድ ጉድጓድ ቀረው። በሦስት ምት ይመራ ነበር፤ ፓር 4ን በ6 ቢጨርስ ዋንጫው የእሱ ነው። ኳሱ ወንዝ ውስጥ ገባ። ጫማውንና ካልሲውን አወለቀ፣ ሱሪውን ወደ ላይ ጠቀለለ፣ ውሃው ውስጥ ገብቶ ቆመ። ሊመታት ነው ሲባል ለረጅም ጊዜ አያት። ከዚያ ወጣና ቅጣቱን ተቀበለ። በ7 ጨረሰ፤ በተጨማሪ ጨዋታ ተሸነፈ። ዋንጫው አመለጠው፣ ግን ያን ያህል ሰው እያየው፣ ባዶ እግሩን ውሃ ውስጥ ቆሞ እንኳ፣ «ይህቺን ተዋት» የሚለውን ድምፅ ሰምቷል። ለአንተ ያ ድምፅ ሰው ሆኖ፣ ቦርሳህን ይዞ፣ «ጋሼ» እያለህ ነበር።

ለልምምድም ወንጂ መንገድ ላይ ያለው ሜዳህ አይከፋም። የአዳማ ነፋስ ኳስን ከፍ አድርጎ የሚመታ ሰው አይወድምና ዝቅ አድርገህ መምታትን ያስተምርሃል። አንድ ግራር ፈልግ፤ ሥሩ ኳስ አስቀምጥና ወደ ጉድጓድ ሳይሆን ወደ ጎን፣ ወደ ገላጣው ማውጣትን ተለማመድ። አቧራውን ግን ቻለው።

ባለቤትህን በተመለከተ ግማሽ ልክ ናት፤ ሣር ላይ ብር መበተኑ አይካድም። ልተወው ወይ ላልከው፣ ከፈለግህ ተወው፤ ጎልፍ መጫወት ግዴታ አይደለም። ግን የምትተወው ከዚያ ሰው ጋር አንድ ጊዜ 18ቱን አብረህ ከዞርክ በኋላ ይሁን። እስከዚያ ግን ማስታወቂያህ መሳቢያዬ ውስጥ ይቆያል፤ አላወጣውም። ስሙን ስትነግረኝ እንነጋገርበታለን።